የቡና ገለባ ካርቦን ለአሞኒያ ካታሊስት፦ ያን ሁሉ ማሞቅ ለምን?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ ከቡና ገለባ የሠራሽው ካርቦን የጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሁሉ ሲቆጠር በግራም 1000 ካሬ ሜትር ገደማ የገጽ ስፋት አለው። አማካሪሽ ግን ሩተኒየም (ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ቶሎ አሞኒያ እንዲሆኑ የሚያደርገውን ብረት፣ ማለትም ካታሊስቱን) ከመጫንሽ በፊት ካርቦኑን በኃይለኛ ሙቀት አሙቂው አለሽ። ስፋቱ ይጠፋብኛል ብለሽ ፈራሽ።

ይጠፋል፣ ልክ ነሽ። ከ1500 ዲግሪ ሲያልፍ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ ስፋቱ ከ100 በታች ሊወርድ ይችላል። ግን ሳይሞቅ ቢቀር የባሰ ነው። ሩተኒየሙ ሃይድሮጅንን ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀው ሃይድሮጅን ደግሞ ካርቦኑን ሚቴን እያደረገ ይዞት ይሄዳል። ምስጥ እንደገባበት ምሰሶ ከውስጥ ያልቃል። ሙቀቱ የካርቦኑን ንጣፎች ያደራጃል፣ ድኝና ኦክስጅን ያስወጣል። እነዚህ ካልወጡ አጋዥ ሆነው የሚጨመሩት ባሪየምና ሲዚየም ለሩተኒየሙ የሚሰጡትን ኤሌክትሮን መንገድ ላይ ይቀሙታል። ስፋቱን በኋላ በእንፋሎት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ በከፊል ትመልሺዋለሽ። የአሜሪካው የምህንድስና ኩባንያ ኬሎግ በ1992 እ.ኤ.አ. ካናዳ ኪቲማት ላይ ሥራ ያስጀመረው ካታሊስትም ሩተኒየም በግራፋይታማ (ንጣፎቹ በሥርዓት በተደራረቡ) ካርቦን ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እዚህ ጅማ ገለባው መፈልፈያው በር ላይ ተከምሮልሻል፤ ግራፋይት ግን አይሆንልሽም። ተመራማሪዋ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በ1951 እ.ኤ.አ. ካርቦኖችን ግራፋይት የሚሆኑና የማይሆኑ ብላ ለይታለች፤ የዕፅዋት ከሰል በአብዛኛው ከማይሆኑት ወገን ነው። የተለመደው የላብራቶሪ ፈርነስ (ማሞቂያ ምድጃ) ደግሞ 1100 ወይም 1200 ላይ ያበቃል። በዚያ ሙቀት ኦክስጅኑ በአብዛኛው ይወጣል፤ እሱም ቀላል ጥቅም አይደለም። ቴሲስሽ ላይ ግን «ግራፋይት» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ጽሑፍሽን በምትከላከዪበት ቀን ይጠምዱሻል።

እኔ የተቃጠልኩት ሌላ ቦታ ነው። አንድ ማታ ፈርነሱ 900 ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ጥቂት ቆይቼ የቀዘቀዘ መስሎኝ፣ አየር እንዳይገባ የማሳልፍበትን ናይትሮጅን ልቆጥብ ብዬ ሲሊንደሩን ዘጋሁት። ጠዋት ስከፍተው ካርቦን ወፍ የለም፤ ክሩሲብሉ (ማሞቂያ ዕቃው) ግርጌ ላይ ግራጫ አመድ ብቻ። ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ጋዙን አትዝጊ፣ ሲሊንደሩ ቢያልቅም ይለቅ።

ሁለተኛው አጠባው ነው። ገለባ ፖታሲየም የበዛበት ስለሆነ መጀመሪያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቢዋለሽ። ክሎሪኑ ከቀረ ግን ሩተኒየሙን ይመርዘዋል። ሦስት ጊዜ አጥቤ ጨረስኩ ብዬ ነበር። ካጠብኩበት ውሃ ትንሽ ወስጄ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ባደርግበት እንደ አጓት ደፈረሰ፤ ክሎሪኑ ገና አልወጣም ማለት ነው። ጠብታው ምንም ሳያደፈርስ እስኪቀር በሙቅ ዲስቲልድ ውሃ እጠቢው።

ለመሆኑ ሩተኒየሙን በምን መልክ ነው የገዛሽው? ክሎራይድ ከሆነ፣ ከጫንሽው በኋላም አጠባው እንደገና ይጠብቅሻል።