ሊኑክስ ለጫናችሁለት ሰው ስልክ ቁጥራችሁን ስጡት

ልጆቼ፣

በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ነፃ ሥርዓተ ክወና፣ የሊኑክስ ፍቅር ሲይዝ እንዴት እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ፤ ላገኙት ሰው ሁሉ ጫኑለት ጫኑለት ያሰኛል። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣ በኋላ አዘጋጆቹ ለዓመታት ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልኩ ነበር። እኔም በፖስታ ሳጥኔ የመጣልኝን ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለባልደረባ አደልኩ። አንዱን ታክሲ ውስጥ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ቢያንስ አብረቅርቋል።

"ነፃ ነው" የሚለውን ስብከት ተዉት። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የተጫነ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው ሁለቱም ነፃ ናቸው። ይልቅ ምን እንዳማረረው ጠይቁት። ፍላሽ በሰካ ቁጥር ፋይሎቹን ደብቆ ሾርትከት የሚተካበት ቫይረስ ያስለቀሰው ሰው፣ ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ መሆኑን ሲሰማ ጆሮውን ይሰጣችኋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቶ፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 አልቀበል ያለውም እንደዚሁ።

ሰውን ወደ ሊኑክስ ማምጣቱ ግን ቀላሉ ነው። እኔ የተሸነፍኩት ማቆየቱ ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጸሐፊዋን ኮምፒውተር ቅዳሜ ከሰዓት ፎርማት አድርጌ ሊኑክስ ጫንኩ፤ ሰነዶቻቸውንም በጥንቃቄ መለስኩ። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ሲከፍቱ አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ቢሮዎች ከዚያም በኋላ በላቲን ፊደላት ቦታ የአማርኛ ቅርጽ በሚያስቀምጡ የድሮ ፎንቶች ይጽፉ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ንባብ የለም፤ እኔ ደግሞ ሰነዱን ገልብጬ ፎንቱን አጥፍቻለሁ። አፍሬ ዝም ማለት ሲገባኝ፣ "ቀላል ነው እትዬ፣ ተርሚናሉን ይክፈቱ" አልኳቸው፤ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት ማለቴ ነው። ከምሳ በፊት ዊንዶውስ ተመለሰ። እሳቸውም ለወራት ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ ይመልሱልኝ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎርማት አታድርጉ። ሊኑክሱን ሳትጭኑ ከፍላሽ አስነሱለትና እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ እናንተ ቁሙ። አንድ ገጽ አማርኛ ራሱ ይተይብ፣ በራሱ ፕሪንተር ያትም፣ ዋይፋዩ መያዙን ይይ። ከሦስቱ አንዱ እምቢ ካለ ፍላሹን ነቅላችሁ ሂዱ፤ መፍትሔውን ቤታችሁ ፈልጋችሁ ተመለሱ። የትኛው ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ይሻላል የሚለውን ጭቅጭቅ ለእርስ በርሳችሁ አስቀሩት፤ ለእሱ እናንተ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን ጫኑለት፣ ሲጠይቃችሁ ሳታስቡ እንድትመልሱ።

ስልክ ቁጥራችሁንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፉ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይደውላል፣ ምናልባትም እራት ላይ ሳላችሁ። አንሱ።