ኤሲው ዋስትና እያለው ወጪው ለምን በእኛ ላይ ይወድቃል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ከተማ ነው። ከ3 ዓመት በፊት በጁን ወር ለቤታችን አዲስ ኤሲ በ11,800 ዶላር አስገጠምን፤ ዕዳውንም ገጣሚው ኩባንያ ራሱ ላገናኘን አበዳሪ በየወሩ እንከፍላለን። ሻጩ «የ10 ዓመት ዋስትና አለው፤ ምዝገባውን እኛ እንጨርሳለን» ብሎ በውሉ ላይ ጽፎልናል። ኤሲው ግን በየበጋው ማቀዝቀዝ ያቆማል፤ እየመጡ ጋዝ ይሞሉና ገንዘብ ተቀብለው ይሄዳሉ። ዘንድሮ በቤት ውስጥ ያለው ኮይል (ጋዙ እየዞረበት አየሩን የሚያቀዘቅዘው ጥምዝ ቧንቧ) እንደሚያፈስ ተነገረን። አምራቹ «በወቅቱ ስላልተመዘገበ ዋስትናው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ ኮይሉን እሰጣለሁ እንጂ የጉልበትና የጋዝ አልከፍልም» አለ። ገጣሚው የጉልበት ዋስትናው በ1 ዓመት አልቋል ብሎ 2,300 ዶላር ጠየቀን። አምና የገዛነው ሆም ዋራንቲም «ቀድሞ የነበረ ብልሽት ነው» ብሎ ከለከለን። የባለቤቴ ወንድም ሙያው ስላለው በርካሽ ልቀይርላችሁ ይላል። አረጋዊት እናቴ አብራን ስላለች ሙቀቱ አስጨንቆናል። ማንን ልክሰስ? የወር ክፍያውን ማቆምስ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጥያቄዎ ጋር የላኩልኝን ውልና ደረሰኞች በጥሞና አንብቤያለሁ። ሦስቱ ወገኖች ኃላፊነቱን አንዱ ወደ ሌላው ሲገፋው እርስዎ መሐል ላይ ቀርተዋል። ይህ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሦስቱም የሰጡዎት ወረቀት በተለምዶ «ዋራንቲ» እየተባለ ቢጠራም፣ በሕግ ዓይን ሦስት የተለያዩ ግዴታዎችን የያዘ በመሆኑ ነው። የአምራቹ ጽሑፍ ስለ ዕቃው ክፍሎች የተሰጠ ዋስትና ነው፤ የገጣሚው ውል ስለ ሥራው ጥራትና ስለ ጉልበቱ የተገባ ቃል ነው፤ ሆም ዋራንቲ የሚባለው ደግሞ ስሙ እንደዚያ ይሁን እንጂ ክፍያ ተከፍሎበት የሚገዛ የአገልግሎት ውል ነው። በእኔ እምነት ከሦስቱ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ገጣሚው ኩባንያ ነው።

አምራቹን በሚመለከት፣ ምዝገባው በጊዜው አለመፈጸሙ እንዳናደደዎት ከደብዳቤዎ ይታያል፤ ቁጣዎም ተገቢ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ኤሲዎ ገና 3 ዓመቱ ስለሆነ ኮይሉ በ5 ዓመቱም ሆነ በ10 ዓመቱ ዋስትና በነጻ የሚሰጥ ነው፤ አምራቹም ይህን አልካደም። ስለዚህ የምዝገባው ጉድለት ጉዳት የሚያደርስብዎት ከ6ኛው ዓመት ጀምሮ እንጂ ዛሬ አይደለም። ብዙዎቹ አምራቾች ከተገጠመበት ቀን አንሥቶ በ60 ወይም በ90 ቀናት ውስጥ ካልተመዘገበ ዋስትናውን ያሳጥሩታል፤ የጉልበት ዋጋንም በመደበኛው ዋስትና ውስጥ አያካትቱም። ካሊፎርኒያ ዋስትናን በምዝገባ ላይ ማንጠልጠልን በሕግ ከልክላለች፤ ፍሎሪዳም ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በተለይ ለቤት ኤሲዎች ተመሳሳይ ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አውጥታለች። የእርስዎ ውል ግን ከ3 ዓመት በፊት ቴክሳስ ውስጥ የተፈረመ በመሆኑ በነዚህ ላይ አልደገፍም። መደገፍም አያስፈልገኝም፤ ምክንያቱም ገጣሚው «ምዝገባውን እኛ እንጨርሳለን» ብሎ በጽሑፍ ግዴታ ገብቷል። ይህን ባለመፈጸሙ ያሳጣዎት የ5 ዓመት ዋስትና ከእርሱ የሚጠየቅ ጉዳት ነው። ለአምራቹ የውሉንና የክፍያውን ማስረጃ አያይዘው ምዝገባው እንዲታረም ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ የተገጠመበት ቀን በሰነድ ሲረጋገጥላቸው ያርሙታል፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከላኩልኝ ወረቀቶች መካከል በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ወር ላይ የተጻፈችው የመጀመሪያዋ ደረሰኝ ከሁሉም ትበልጣለች። ኤሲው በተገጠመ በ11ኛው ወር የተጻፈች ስትሆን «ጋዝ ጎድሏል፤ 2 ፓውንድ ተጨምሯል» ትላለች፤ የሚያፈስ ቦታ ስለመፈለጉ ግን አንድም ቃል የለባትም። የኤሲ ጋዝ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው፤ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም። ከጎደለ በሆነ ቦታ እየወጣ ነው፣ ወይም መጀመሪያውኑ በሚገባው መጠን አልተሞላም ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ ፈቃድ ያለው ባለሙያ የለም። ስለዚህ ገጣሚው ጉድለቱን ያወቀው ወይም ሊያውቀው ይገባ የነበረው የጉልበት ዋስትናው ሳያልቅ ነው። ብልሽቱ በዋስትናው ዘመን ውስጥ ተነግሮት፣ ምክንያቱን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ እየሞላ ሁለት በጋ አሳልፎ፣ ዛሬ «ጊዜው አልፏል» ማለቱ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። በሁለቱ ቀጣይ ደረሰኞች የከፈሉት ገንዘብም ይመለስልኝ ብለው ሊጠይቁ ይገባል፤ የተከፈለው ለጥገና ነበርና፣ ጥገና ግን አልተደረገም።

ከውሉ ቃል ባሻገር በቴክሳስ ሕግ የተደገፉ ሁለት መሠረቶች አሉዎት። የመጀመሪያው የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 የተቀበለው መርሕ ነው፤ ንብረትን የሚጠግን ወይም የሚያሻሽል ባለሙያ ሥራውን በሙያው ደንብ፣ በሚገባ ሠርቶ እንደሚያስረክብ፣ በውል ባይጻፍም ቃል እንደገባ ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ በኋላ በሰጣቸው ውሳኔዎች፣ ውሉ የአሠራሩን ሁኔታ በበቂ ዝርዝር ከደነገገ ዝርዝሩ በመርሑ ቦታ እንደሚተካ ገልጿል፤ የእርስዎ ውል ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር የለውም። ሁለተኛው የግዛቲቱ የሸማቾች ጥበቃና የአሳሳች ንግድ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የዋስትና ግዴታን መጣስ ራሱን የቻለ የክስ ምክንያት ሲሆን፣ ጥፋቱ እያወቁ የተፈጸመ መሆኑ ከተረጋገጠ የገንዘብ ኪሳራው እስከ ሦስት እጥፍ ሊወሰን ይችላል፤ ያሸነፈ ሸማችም የጠበቃ ወጪው ይተካለታል። በአንጻሩ ያለ መሠረት ወይም ሰውን ለማዋከብ የቀረበ ክስ ከሆነ ወጪው በከሳሹ ላይ ስለሚወድቅ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ በሰነድ ሊያሳዩት የማይችሉትን ነገር አይጻፉ።

ከአገር አቀፍ ሕጎች መካከል በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አለ። የጽሑፍ ዋስትና የሰጠ አምራች ወይም ሻጭ፣ ዕቃው ለተለመደ አገልግሎቱ ብቁ ይሆናል የሚለውን ሕግ በራሱ የሚሰጠውን ዋስትና ሙሉ በሙሉ እንዳይሽር ይከለክላል። ነገር ግን ከመክሰስዎ በፊት ዋስትና ሰጪው ጉድለቱን የሚያርምበት በቂ ዕድል እንዲያገኝ ያስገድዳል።

የባለቤትዎን ወንድም ሐሳብ በተመለከተ፣ ደግነታቸውን አደንቃለሁ፤ ቢሆንም አሁን እንዳያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። በማኅበረሰባችን ውስጥ ቤት ሲበላሽ የአገር ልጅ ጠርቶ፣ በእጅ ከፍሎ፣ ያለ ደረሰኝ ማሠራት የተለመደ ነው፤ ለመተጋገዝ ካለን ፍቅር የመጣ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን አምራቾች በአብዛኛው ክፍሉ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እንዲገጠም ይጠይቃሉ፤ ጋዙን ለመንካትም የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የሚጠይቀው የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በቴክሳስ የኤሲ ሥራ ተቋራጭ ከግዛቲቱ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ማለትም ከቲ.ዲ.ኤል.አር ፈቃድ ሊኖረው፣ የፈቃድ ቁጥሩም በመኪናውና በደረሰኙ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ በቲ.ኤ.ሲ.ኤል የሚጀምረው ቁጥር ይህ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ኮይሉን ከነካው ገጣሚው «ያበላሹት እነርሱ ናቸው» የሚልበትን በር እርስዎ ራስዎ ከፈቱለት ማለት ነው። ከሁሉም በላይ አሮጌው ኮይል ማስረጃ ነው፤ ማንም ቢቀይረው ከመነሣቱ በፊት የሚያፈሰው ቦታ ፎቶ ይነሣ፤ አምራቹ መልሱልኝ ካላለም በቤትዎ ይቆይ።

እናትዎን በሙቀት እያሰቃዩ እንዲጠብቁ ሕጉ አያስገድድዎትም። ይህን በግልጽ የምናገረው ብዙ ሰው ከክሱ በፊት የሚሰጠውን የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ቤቱን ሳያስጠግን የሚጠብቅበት ጊዜ እያደረገ ስለሚሳሳትበት ነው። የ60 ቀኑ ገደብ የሚመለከተው ክስ ማቅረብን እንጂ ጥገናን አይደለም። ዛሬውኑ ለገጣሚው በኢሜይልና በሰርቲፋይድ ሜይል አጭር ደብዳቤ ይላኩ፤ በቤቱ ውስጥ አረጋዊት እንዳሉ ይጥቀሱና፣ ኮይሉን በራሱ ወጪ የሚቀይርበትን አጭር ቀን፣ ለምሳሌ 5 የሥራ ቀን ይስጡት። ካልመጣ ፈቃድ ያለው ሌላ ተቋራጭ በአምራቹ ነጻ ኮይል እንዲሠራው ያድርጉ፤ ጉልበቱ፣ ጋዙና የፍተሻው ዋጋ ለየብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የአፈሳሰሱን ምክንያት በሚመለከትም አንድ አንቀጽ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት። በዚህ መካከል ተቋራጩ ሙሉ ኤሲው ይቀየር የሚል ሐሳብ ቢያመጣብዎት አይቸኩሉ። የእርስዎ ኤሲ የሚጠቀመውን አር-410ኤ የተባለ ጋዝ የሚይዙ አዳዲስ የቤት ኤሲዎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንዳይመረቱ መደረጉ እውነት ነው፤ ነባሩን መጠገን ግን አልተከለከለም።

ከዚያም ሁለተኛውንና ዋናውን ደብዳቤ ይጻፉ። በአሳሳች ንግድ ሕጉ መሠረት ክስ ከመቅረቡ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ ቅሬታውን በዝርዝር፣ የኪሳራውንም መጠን በቁጥር የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መላክ ግዴታ ነው። የጉልበቱን ወጪ፣ ቀድሞ ለጋዝ የከፈሉትን፣ የጠፋውን የ5 ዓመት ዋስትና ዋጋ ለየብቻ ይጻፉ። ካልተስማሙ ጉዳዩን በጀስቲስ ኮርት ማቅረብ ይችላሉ፤ ይህ ፍርድ ቤት እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር ያያል፣ ያለ ጠበቃም መቅረብ ይቻላል። ውልዎ የግልግል አንቀጽ አለው፤ ያም አንቀጽ አነስተኛ ክሶችን ለብቻ ስለሚተው አያግድዎትም።

ጊዜውን ግን ይጠንቀቁ። የዕቃ ሽያጭ ዋስትናን የሚመለከት ክስ በቴክሳስ በመርሕ ደረጃ የሚቀርበው ዕቃው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ በ4 ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ በአሳሳች ንግድ ሕጉ የሚቀርበው ደግሞ ድርጊቱ ከተፈጸመበት፣ ወይም በተገቢ ጥንቃቄ ሊታወቅ ከሚችልበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ገጣሚው የመጀመሪያዋን ደረሰኝ ይዞ «ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ የእርስዎ መልስ የሚሆነው ጋዝ ጎደለ ከመባል ያለፈ፣ ኮይሉ እንደሚያፈስ የተነገረዎት ዘንድሮ ብቻ መሆኑ ነው። ጥሩ መልስ ነው፤ ነገር ግን ሌላ በጋ አያሳልፉበት።

ስለ ሆም ዋራንቲው እውነቱን መናገር ይኖርብኛል፤ ጉዳይዎ በዚህ በኩል ደካማ ነው። ውሉን የገዙት ጋዝ መጉደሉ በደረሰኝ ከታወቀ በኋላ ስለሆነ፣ ቀድሞ የነበረ ብልሽት ነው የሚለው መከላከያ ሊያስኬዳቸው ይችላል። ቢሆንም አንዳንድ ውሎች በዓይን እይታ ወይም በቀላል ፍተሻ ሊታወቅ ያልቻለን ቀዳሚ ብልሽት ይሸፍናሉና፣ የከለከሉበትን አንቀጽ ጠቅሰው በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። መልሱ ካላረካዎት አቤቱታው የሚቀርበው ለዚያው ለቲ.ዲ.ኤል.አር ነው፤ በገጣሚው ላይ ያለዎትንም ቅሬታ ለዚሁ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይችላሉ።

የወር ክፍያውን አያቁሙ። የብድር ውልዎ ሦስተኛ ገጽ ላይ በደማቁ የታተመው ማስታወቂያ፣ ገዢው በሻጩ ላይ ሊያነሣ የሚችለውን ጥያቄና መከላከያ ሁሉ በአበዳሪውም ላይ ሊያነሣ እንደሚችል ይገልጻል፤ ይህ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን በ1970ዎቹ ባወጣው ደንብ የመጣ ጥበቃ ነው። ከአበዳሪው ሊመለስልዎት የሚችለው እስካሁን ከከፈሉት መጠን አይበልጥም፤ ሆኖም በድርድር ላይ ከፍተኛ ክብደት አለው፤ አበዳሪው ቅሬታ ሲደርሰው ገጣሚውን ይጠይቃልና። በራስዎ ውሳኔ ክፍያ ካቆሙ ግን መዘግየቱ በክሬዲት መዝገብዎ ላይ ይጻፋል፤ አበዳሪው በኤሲው ላይ የመያዣ መብት አስመዝግቦ ከሆነም ቤቱን ለመሸጥ ወይም የቤቱን ብድር ለማደስ ሲነሡ እንቅፋት ይሆንብዎታል። ስለዚህ የሁለተኛውን ደብዳቤ ግልባጭ ለአበዳሪው ይላኩ፤ ክፍያው «በክርክር ላይ ያለ፣ መብቴን ሳልተው የምከፍለው» መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩበት፤ ግልባጩንም ከተላከበት ማረጋገጫ ጋር ይያዙ።