ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ በኋላ ልቤ ደነደነ፣ ሥራውን ልልቀቅ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? እዚህ ሐዋሳ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኦፕሬተር ሆኜ ነው የጀመርኩት፣ ሱፐርቫይዘር እንድሆን ለገብርኤል ተስዬ ሆነልኝ። ባለፈው ግን አንዷ ልጅ አሞኛል ፈቃድ ስጪኝ ስትለኝ ታርጌት (የምርት ኮታው) አልሞላም ብዬ ከለከልኳት፣ ማታ ደሞ ምንም አልመሰለኝም፣ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ሹመት መመኘቴ ኃጢአት ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለቱ ችግር የለውም፣ ለቤተ ክርስቲያን አስገብተሽ ከሆነ ጨርሰሻል። መመኘቱን ያዕቆብና ዮሐንስም በቀኝህና በግራህ እንቀመጥ ብለው ጠይቀዋል (ማር. 10)፣ ጌታም አላባረራቸውም፣ ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን ነው ያለው። የቀሩት አሥሩ ደቀ መዛሙርት ደሞ ተቆጡ ይላል፣ እነሱም ወንበሩን ፈልገውት ይመስለኛል።

ያንቺ ነገር ግን ወደ ሰሎሞን ልጅ ወደ ንጉሥ ሮብዓም ይጠጋል (1ኛ ነገሥት 12)። ሕዝቡ አባትህ ቀንበር አክብዶብናል አቅልልን አሉት፣ ሽማግሌዎቹ አገልግላቸው በጎ ቃል ተናገራቸው አሉት፣ አብሮ አደጎቹ ግን ታናሺቱ ጣቴ ከአባቴ ወገብ ትወፍራለች በላቸው አሉትና የነሱን ሰምቶ አሥሩ ነገድ ጥሎት ሄደ። እሱ እንኳን ቤተ መንግሥት ያደገ ነው፣ ቀንበር ምን እንደሆነ በጀርባው አያውቅም እንበል፣ አንቺ ግን ማሽኑ ላይ ተቀምጠሽ ወገብሽን አሞሽ ያውቃል፣ ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አትችይም።

አትልቀቂ። ነህምያ 12 ዓመት ገዢ ሆኖ የገዢውን ቀለብ አልበላም፣ በሕዝቡ ላይ ሸክም ከብዶ ስለነበር (ነህ. 5)፣ ሹመቱን ግን አልጣለም። ደሞ አንቺ ብትለቂ ወንበሩ ባዶ አይቀርም።

ልጅቷን በከለከልሻት ቦታ፣ ጓደኞቿ እየሰሙ ይቅርታ ጠይቂያት፣ እናቃለሁ ብለሽ አትፍሪ፣ ልብሽን ያደነደነው እሱው ፍርሃት ነው። ለንስሐ አባትሽም ንገሪ፣ ቀኖናውን እሳቸው ይሰጡሻል እንጂ እኔ እዚህ አልሰጥም። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ይካካሳል እንዳትይ ብቻ፣ ኢሳይያስ 58 ላይ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ሁሉ ታስጨንቃላችሁ ብሎ የወቀሰው ጿሚዎቹን ነው።

ታርጌቱን የሚያወጡት ከላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው የታመመበት የስፌት መስመር (ላይን) ታርጌቱ ይቀነስለት ብለሽ ስብሰባ ላይ ተናገሪ፣ እምቢ ቢሉሽ እንኳን የሕመም ፈቃድ የአሰሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሰጣት መብት ነው፣ ካንቺ የምትለምነው ችሮታ አይደለም፣ ቀጥሎ ስትመጣ የሐኪም ወረቀቷን ተቀብለሽ ፈቃዱን ስጫት።