ማኅፀኗ ሳይወጣ ቢቀርስ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ14 ወር ጀርመን ሼፐርድ ውሻችን 31 ኪሎ ትመዝናለች። የስሪያ ወቅቷ ካለፈ ወር ከግማሽ ሆኗታል። ሐኪሟ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ሊያመክናት ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቶናል። ኦቫሪዎቿን (የእንቁላል ማመንጫዎቿን) ብቻ አውጥቶ ማኅፀኗን እንደሚተወው ሲነግረን ግን ሐሳብ ገባን። በኋላ መግል ቢቋጥርስ?

መልስ፦ ጤነኛ ከሆነ ማኅፀኗ መቅረቱ አያሳስብዎ። ማኅፀን መግል የሚቋጥረው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ግድግዳውን አወፍሮት ባክቴሪያ ሲገባበት ነው። የሆርሞኑ ምንጭ ኦቫሪ ስለሆነ ሁለቱም ከወጡ ማኅፀኑ ይኮማተራል። ካሜራው ያበጠ ወይም ፈሳሽ የያዘ ማኅፀን ካሳየ ግን እሱም መውጣት አለበት።

እኛን የሚያሳስበን ቀጠሮው ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮጄስትሮኗ ገና አልወረደም። ኦቫሪው አሁን ቢወጣ ሆርሞኑ በድንገት ይቀንስና ወተት የሚያመጣው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ ይጨምራል፤ ሳታረግዝ ጡቷ ሊያብጥና ወተት ሊያግት፣ አሻንጉሊትም እንደ ቡችላ ታቅፋ መተኛት ልትጀምር ትችላለች። የስሪያ ወቅቷ ካለፈ ሦስት ወር እስኪሞላ ድረስ ቢያራዝሙት ይሻላል።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት ፊኛዋ ከሽንት ባዶ ይደረጋል፤ የሞላ ፊኛ በመርፌ ሊበሳ ይችላል። ሆዷ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሚሆን ግፊት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ግፊቱ ከዚህ ካለፈ ድያፍራሟን (ደረትና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ተጭኖ መተንፈስ ያስቸግራታል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጣፊያ ነው፤ መጀመሪያ የሚገባው መርፌ በጭፍን ስለሚሰደድ ይወጋዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በዓይን እያየ፣ በትንሹ ሰንጥቆ የሚከፍት ሐኪም እንመርጣለን። ከዚያ ወደ ቀኝ ትጋደምና አንጀቷ ሲሸሽ የግራው ኦቫሪ ይታያል። ሐኪሙ ወደ ሆድ ግድግዳ አንሥቶ በመርፌ ይሰቅለዋል፤ ደም ሥሩንና ጅማቶቹን በሙቀት በሚያሽግ መሣሪያ አሽጎ ይቆርጣል። በግራ አጋድሞም ቀኙን እንዲሁ ያወጣል።

የውሻ ኦቫሪ ስብ በበዛበት ከረጢት የተሸፈነ ነው። በ5 ሚሊሜትር ቀዳዳ በግድ ከተጎተተ ሊቀደድ ይችላል፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ቁራጭ ደም ሥር አግኝቶ ሥራውን ከቀጠለ ውሻዋ እንደገና ለስሪያ ትነሣለች፣ የመግሉም ስጋት አብሮ ይመለሳል። በእሷ ክብደት አንዱ ቀዳዳ 10 ሚሊሜትር ይሁን። ሐኪሙም ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ በመቀስ ከፍቶ ኦቫሪው ሙሉ መሆኑን ይይ። ይህን አስቀድመው ይጠይቁት።

ሌላም የሚጠይቁት አለ። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ደረተ ጥልቅ ውሾች ጨጓራቸው ተነፍቶ በመዞር ሊሞቱ ይችላሉ፤ ይህን ለመከላከል በዚያው ማደንዘዣ ጨጓራዋን ከሆድ ግድግዳ ጋር መስፋት ይቻላል።

ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይልቀቋት። ከ10 እስከ 14 ቀን በገመድ ብቻ ትውጣ፣ ስፌቱንም እንዳትልስ አንገትጌ ይደረግላት። ከቆዳዋ ሥር ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ነገር ቢሰማዎት ያመለጠ ጋዝ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ድዷ ከነጣ፣ ሆዷ ከተነፋ ወይም መነሣት ካቃታት ግን ደም ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠብቁ።