«ወንድሜ ና ብሎኛል»

የዛሬው ጠያቂ እዚሁ ሀዋሳ ያለ ወጣት ነው። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«ትውልዴ ከሆሳዕና ወጣ ያለ ገጠር ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ታላቅ ወንድሜ ጆሃንስበርግ አካባቢ ሱቅ አለው። ‹ና፣ የደላላውን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ› ብሎኛል። ለቀሪው አባቴ ሁለቱን በሬዎች ሊሸጥ ነው። ሰው ለምን አገሩን ጥሎ እንደሚሄድ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ወንድሜ፣ «ውሳኔው ያንተ ነው» ብዬ ልሸሽህ አልፈልግም። በደላላ፣ በዚህ መንገድ አትሂድ። ይህን ካልኩ ግን ምክንያቱን መንገር አለብኝ። ባዶ «አትሂድ» ይዘህ አባትህ ፊት መቆም አትችልም።

በሙሉ ደብዳቤህ ውስጥ ስለ ሥራ ማጣትህ የጻፍከው አንድ አንቀጽ ነው። ስለ ወንድምህ ግን ሁለት ገጽ። አልገረመኝም። ሰው ለምን ይሰደዳል ስንባል ሁላችንም ቶሎ ብለን «ድህነት» እንላለን። እስቲ ሰፈርህን አስበው። ከሁሉም ድሃ የሆነው ቤት ልጅ ሄደ? አልሄደም። ለደላላ የሚከፍለው የለውማ! የሚሄደው የሚሸጥ በሬ ያለው፣ እዚያ ማዶ ስልኩን የሚያነሳለት ሰው ያለው ነው። የድሃ አገር ገቢ ትንሽ ከፍ ሲል ስደት ወዲያው እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም መጀመሪያ እንደሚጨምር ነገሩን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው አይተዋል። አንተን የጠራህ ችግር ብቻ አይደለም። የጠራህ ሰው አለ።

ደግሞ አንተ እኮ አንዴ ተሰደሃል። ከሆሳዕና ገጠር ሀዋሳ መጥተህ የለ? ራቬንስታይን የሚባል የጂኦግራፊ ሰው በ1885 እ.አ.አ. የእንግሊዝን የሕዝብ ቆጠራ አገላብጦ፣ አብዛኛው ሰው ሩቅ እንደማይሄድ፣ ብዙ ጊዜም ደረጃ በደረጃ እንደሚንቀሳቀስ ጽፎ ነበር። ነገሩ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። በተባበሩት መንግሥታት ግምት በ2024 እ.አ.አ. ከተወለደበት አገር ውጭ የሚኖረው ሰው 304 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን ከዓለም ሕዝብ 3.7 በመቶ ብቻ ነው።

ደረጃ በደረጃ ሲባል ሁሌ ትዝ የምትለኝ አንዲት ልጅ አለች። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌላም ገጠር ከመጡት ብዙ ሴቶች አንዷ ነበረች። ቢሮዬ ስትመጣ የወር ሂሳቧን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋው ነበር። ኪራይ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ለእናት። ላብ አደብዝዞት ስለነበር እያነበበችልኝ መድገም ነበረባት። አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ፍራሹ ሁለት ነው። የቀን ሺፍት ያላት ስትነሳ የሌሊቷ ትተኛበታለች። «ፍራሹ ቀዝቅዞ አያውቅም» አለችኝና ሳቀች። ለምን መጣሽ ስላት ደመወዝ የሚል ቃል አልወጣትም። ሊድሯት ነበር። ታናሽ እህቷንም ማስተማር ፈልጋለች። ዓመት ሳይሞላት ፓርኩን ለቀቀች፤ አሁን ሪያድ ናት። ገጠር፣ ሀዋሳ፣ ሪያድ። ልጅቷን «የኢኮኖሚ ስደተኛ» ብለን ብንመዘግባት ጋብቻውንም እህቷንም የት እናገባቸዋለን?

ወደ አባትህ ልመለስ። በሬ ሊሸጡ መሆናቸውን ስትጽፍ ትንሽ የተናደድክ ይመስላል። አትናደድባቸው። አንዱ ልጅ እርሻ ላይ፣ አንዱ ከተማ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ከሆነ፣ ዝናብ ቢቀር እንኳ ከአንዱ በኩል እህል ይገባል። ስደት የአንድ ሰው ሳይሆን የቤተሰብ ውሳኔ፣ እንደ መድን የሚታይ ነገር እንደሆነ የኢኮኖሚ ሰዎችም ከጻፉ ቆይተዋል። አባትህ ይህን ከእነሱ ሳይማሩ ያውቁታል። ግን አንድ ነገር ተሳስተዋል፤ እሱን በአክብሮት ንገራቸው። አንዱ ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ አለ። ሁለተኛውንም እዚያው መላክ መድን አይሆንም። እዚያ አንድ ነገር ቢነሳ ሁለታችሁም አንድ ላይ ትወድቃላችሁ፤ በሬዎቹም የሉም።

ነገር ደግሞ ይነሳል። በ2000 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም ተደግሟል። ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ያለ ሱቅ ሲዘረፍ ምን እንደሚመስል ወንድምህ ሳያውቅ አይቀርም። በስልክ ግን አይነግርህም።

መንገዱን በተመለከተ አጭር ልሁን። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የታሰበው የአፍሪካ አውራ ጎዳና በከተማችን ያልፋል። ከዚህ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኬንያ ለእኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ስለዚህ ደላላው «እስከ ናይሮቢ ቀላል ነው» ሲልህ አልዋሸም። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በታንዛኒያና በማላዊ እስር ቤቶች ብዙ የእኛ ልጆች ታጉረዋል። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት ከ78 ሰዎች 64ቱ ታፍነው ሞተው ነበር። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ ላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ግማሹን የሚከፍለው ወንድምህ ለዚህ መኪና መሆኑን ይወቅ።

ታዲያ ምን ላድርግ ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ ለወንድምህ ደውል። ገንዘቡን ተወውና እነዚህን ጠይቀው፤ የመኖሪያ ወረቀትህ ምንድን ነው? መቼ ነው የሚያበቃው? ሱቁ በማን ስም ነው? እኔ ስመጣ ያወጣህልኝን ብር ስንት ወር በነፃ ሠርቼ ነው የምመልሰው? የመጨረሻዋን ሳትፈራ ጠይቅ። ብዙ አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ለዕዳው ነው። ምናልባትም ወንድምህ የሚፈልገው ሠራተኛ ሳይሆን ሰው ነው። ብቸኝነት ከባድ ነው፤ ይህም ቢሆን አይፈረድበትም።

ሥራህን በተመለከተ፣ ሲቪ ይዘህ ባንክ ለባንክ መዞሩን ትንሽ ቀንስ። የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለባቸው ነጋዴዎች የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 ከተዘጋ ግብራቸውን እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለባቸው። በእነዚህ አራት ወራት የሂሳብ ቢሮዎች ሰው ያጥራቸዋል። ደረሰኝ የሚለይ፣ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የሚመዘግብ ልጅ ይፈልጋሉ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ አላሞግስልህም። ግን ስትጨርስ የልምድ ደብዳቤ በማኅተም ጠይቅ። ያቺ «ሁለት ዓመት» የምትሞላው እንዲህ እየተጠራቀመች ነው። አዳማም አዲስ አበባም ቢሆን ሂድ። መንቀሳቀስ አትችልም ያለህ የለም።

ባሕር ማዶው ከልብህ ካልወጣም በሕጋዊው በር ጠይቅ። በ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ኤጀንሲ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም። ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የመሳሰሉትን አንተ ትሸፍናለህ፤ ቪዛና ትኬቱ የአሠሪው ነው። ይህን የማያውቅ መስሎ ብር የሚጠይቅህ ካለ ደላላ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ በር በብዛት ያለው የቤት ሠራተኛ ሥራ ነው እንጂ አካውንታንት አይደለም።

የወንድምህን መልስ ጽፈህ ላክልኝ። ከቻልክ ደግሞ አባትህን ይዘሃቸው ቢሮ ና፤ ማክሰኞ ከሰዓት አለሁ። እስከዚያ በሬዎቹ ይቆዩ።