ባልደረባ በሚጥል በሽታ ሲወድቅ (መልስ)

እህቴ፣ ሜክሲኮ ያለው ቢሯችሁ ውስጥ ባልደረባሽ በሚጥል በሽታ ስትወድቅ ክብሪት እንዳጨሱባት፣ ጥርሷን በማንኪያ ሊያላቅቁ እንደታገሉ ጽፈሽ ምን ማድረግ ነበረብን ብለሻል።

ክብሪቱ ይቅር። ጭሱ ምንም አያስቆምም፣ ትንፋሽ ላጠራት ሰው ደግሞ ጉዳት ነው። ማንኪያውም እንደዚያው። ሰው ምላሱን አይውጥም። ጥርስ ይሰበራል እንጂ ትርፍ የለውም።

መጀመሪያ ሰዓት እዩ። ወንበርና ጠረጴዛውን አርቁ። ጃኬት ወይም ነጠላ አጥፋችሁ ከጭንቅላቷ ስር አድርጉ፤ አንገቷ ላይ የጠበቀ ሻርፕ ካለ አላሉት። እጅና እግሯን ጨምድዳችሁ አትያዙ። መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኗ አስተኟት፣ ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። በደንብ ሳትነቃ ውሃም ሆነ ጸበል አታጠጧት። እምነት መንካቴ አይደለም፤ ትን ይላታል።

ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳትነቃ ከደገማት፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ከተጎዳች ወይም ከዚህ በፊት አሟት የማያውቅ ከሆነ ወደ 907 ደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939ም አለ። የሕንፃውን ስምና ፎቁን ንገሯቸው። አንድ ሰው ወርዶ በር ላይ ይጠብቃቸው፣ ሊፍቱም ይያዝላቸው። የሜክሲኮን መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት ታውቂዋለሽ፤ ቶሎ መደወል ይሻላል።

ስትነቃ ግራ ይገባታል፣ ታፍራለችም። እባካችሁ ከበባውን በትኑ፣ በስልክ የሚቀርጽ ካለ አስቁሙት። የምትቀርባት አንቺ ብቻ አጠገቧ ሁኚ። አረፋውን ነክቼ ይሆን ብለሽ አትጨነቂ፤ በሽታው በምራቅም በንክኪም አይተላለፍም።