የመዳፍ ሙቀትና «ትንሹ የሰማይ ዙር»፦ ስለ ቺጎንግ ለተጠየቀው

ጠያቂያችን ባዱዋንጂን የተባለውን ባለ ስምንት እንቅስቃሴ ቺጎንግ (የቻይናውያን የትንፋሽና የእንቅስቃሴ ልምምድ) በቪዲዮ እየተከታተሉ ሲሠሩ መዳፋቸው እንደሚሞቅና እንደሚነዝራቸው ጽፈው፣ ይህ ቺ የሚሉት የሕይወት ኀይል መዘዋወር መጀመሩን ያሳይ እንደሆነ፣ አልፈውም ኀይሉን በአከርካሪ አሳርጎ በደረት በኩል የሚያወርደውን «ትንሹን የሰማይ ዙር» መለማመድ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ልምምዱን ለዓመታት እንደያዘ ሰው ስመልስ፣ ሙቀቱ መልካም ምልክት ነው፤ ዙሩን ግን አሁን አይጀምሩ።

ትከሻ ሲላላና ትንፋሽ ሲረጋ የእጅ ደም ሥሮች ስለሚሰፉ መዳፍ ይሞቃል፤ ቻይናውያኑ ይህንኑ ቺ ደረሰ ይሉታል፤ ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። በእኔ ልምድ ከሙቀቱ ይልቅ የሚጠቅመው ሙቀቱ ያልደረሰበትን ቦታ መፈለግ ነው። ቀኝ መዳፍዎ ሞቆ ግራው ከቀዘቀዘ፣ ብዙ ጊዜ የግራ ትከሻዎ ሳይታወቅዎት ወደ ጆሮዎ ተስቦ ወይም ክንድዎ ከጎንዎ ተጣብቆ ያገኙታል፤ በብብትዎ ሥር የእንቁላል ያህል ክፍተት ሲተዉለት ልዩነቱ ይቀንሳል።

ለዚህ የሚሻለው መምህር ዣን ዡዋንግ የተባለው ልምምድ፣ ማለትም ሳይንቀሳቀሱ መቆም ነው። ዋንግ ሺያንግጃይ (1885–1963 እ.ኤ.አ.) ዪቹዋን ለተባለው የፍልሚያ ስልታቸው መሠረት ያደረጉት ይህንኑ ነው። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው፣ ጉልበትዎን ጥቂት አጥፈው፣ ክንዶችዎን ግንድ እንዳቀፈ ሰው በደረትዎ ፊት ክብ አድርገው፣ የምላስዎን ጫፍ ከላንቃዎ አስነክተው ይቁሙ፤ ከዚያም ክብደትዎ ተረከዝ ላይ ወይስ ጣቶች ላይ እንዳረፈ፣ ወገብዎ መጎበጡን፣ ጥርስዎ መነካከሱን በየተራ ይመልከቱ። ጭንዎ ይንቀጠቀጣል፤ የድካም እንጂ የኀይል መፍሰስ ምልክት አድርገው አይውሰዱት። አምስት ደቂቃ ለጀማሪ በቂ ነው። ገና ከጅምሩ ግማሽ ሰዓት ቁሙ የሚሉትን እኔ አልደግፍም።

ዙሩን የሚመለከተው የቻይናውያን ምክር «አትርሳው፣ ግን አትግፋውም» የሚል ሲሆን፣ ትኩረቱ ከእምብርት በታች ዳንቲየን በሚሉት ቦታ በዝግታ ያርፋል እንጂ ኀይሉን በሐሳብ እየጎተቱ ወደ ጭንቅላት ማውጣት አይፈቀድም። ይህን በግድ የሞከሩ ሰዎች የራስ ክብደት፣ እንቅልፍ ማጣትና መረበሽ ሊያገኛቸው ይችላል፤ ቺጎንግ በቻይና እንደ ወረርሽኝ በተስፋፋባቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሐኪሞች ከባድ ሁኔታዎችን ስላዩ በአገሪቱ የአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ ከቺጎንግ የሚመጣ መታወክ የሚል ክፍል ገብቷል። ስለዚህ ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ወደ ዙሩ እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ። ራስዎ ከከበደዎ ዐይንዎን ገልጠው ትኩረትዎን ወደ ውስጥ እግርዎ ያውርዱ፣ ትንሽም ይራመዱ።

የቪዲዮዎ ቅደም ተከተል ከሌላው መለየቱ አያሳስብዎ፤ ዛሬ በብዛት የሚታየው በ2003 እ.ኤ.አ. በቻይና መንግሥት በወጥነት የተዘጋጀው ሲሆን የየመምህሩ የቆየ ስልት ደግሞ ብዙ ነው። በስምንተኛው እንቅስቃሴ ተረከዝዎን ሰባት ጊዜ አንሥተው ካወረዱ በኋላ ግን ወዲያው ወደ ስልክዎ አይሂዱ፤ ሁለቱን መዳፎችዎን ከእምብርትዎ በታች ደራርበው ትንፋሽዎ እስኪረጋ ይቁሙ። ዙሩን ትከሻዎን በአካል አይቶ የሚያርምዎት አስተማሪ እስኪያገኙ ድረስ ያቆዩት።